12 ነጥብ የሚያወጣው ጫት

ዛሬ ፖለቲካ የለም፣ ዛሬ ስክራብል ነው።

ለማታውቁት፦ 100 ጠጠሮች አሉ፣ ሁለቱ ባዶ ሲሆኑ በቀሩት ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ነጥብ ተጽፏል። ሰባት ሰባት ይዛችሁ ሰሌዳው ላይ ቃል ትሠራላችሁ። ጨዋታውን በ1930ዎቹ የፈጠረው አሜሪካዊው አልፍሬድ በትስ ነጥቡን የመደበው ፊደሎቹ ጋዜጣ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚመጡ ቆጥሮ ነው። ኪው ብርቅ ስለሆነች 10 ታወጣለች። ችግሩ ያለ ዩ ብዙም አትንቀሳቀስም፤ ዩ ካጣችሁ እጃችሁ ላይ ትቀርና መጨረሻ ላይ ነጥቧ ይቀነስባችኋል።

ከዚህ ጣጣ ከሚያወጡት ጥቂት ቃላት አንዱ ምን መሰላችሁ? ጫት! ኪው፣ ኤ፣ ቲ። 12 ነጥብ። በኬ ሲጀምር 7፣ በኬ ኤች ደግሞ 11። ሦስቱም አጻጻፍ ይፈቀዳል። (እንግሊዝ አገር ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅጠሉን ይዞ መገኘት ወንጀል ነው። ሰሌዳ ላይ ግን ማንም አይነካችሁም።)

የተጫዋቾቹ መዝገበ ቃላት ትርጉሙን በአጭሩ ይዘጋዋል፦ ሁልጊዜ አረንጓዴ የሆነ ቁጥቋጦ። በቃ። እዚህ ፈረስ መጋላ ላይ ግን ያ ቁጥቋጦ የስንት ሰው ኑሮ ነው። ዙርባውን በጨርቅ ሸፍና ለምትሸጠው እናት የልጆች ደብተር ነው፣ ቡናውን ነቅሎ ለተከለው የሐረርጌ ገበሬ እንጀራ ነው፣ ከሰዓቱን ሁሉ ፍራሽ ላይ ለሚያሳልፈው ጎረቤቴ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ሌሎችም የእኛ ቃላት አሉ። ጤፍ፣ ንጉሥ፣ ራስ፣ ጭላዳ። ብር ደግሞ ሁለት ቃል ነው፤ አንዱ የእኛ ገንዘብ፣ ሌላው ከእኛ ጋር የማይዛመድ የድሮ ቃል፣ እንደ ሞተር ‘ብርርር’ ማለት። በጣም ያሳቀኝ ብዙ ቁጥሩ ነው። አሜሪካኖቹ ‘ብሮች’ን ከነ ‘ኦች’ዋ ተቀብለዋታል፣ በስምንት ፊደል! እኛ እኮ መቶም ይሁን ሚሊዮን ‘ብር’ ነው የምንለው።

ታዲያ የኔ ቅሬታ ቃላት ሳይተረጎሙ መሸምደዳቸው ላይ ነው። ኒውዚላንዳዊው ናይጀል ሪቻርድስ በ2015 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይኛ ሳይናገር የፈረንሳይኛውን ሻምፒዮና በልቷል። ጨዋታ ነው፣ ጀግና ነው፣ እሺ። በዚያው ዓመት ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነበር፤ እሱንም አጨብጭቤለታለሁ። ግን ለሻምፒዮና የሚሠራው ለትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ክበብ አይሠራም። ጁገል ውስጥ ያደገች ልጅ ቤት ውስጥ ሐረሪ፣ ገበያ ላይ ኦሮምኛ፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ ትናገራለች። ከዚያ ማንም የማይናገረው የእንግሊዝኛ ቃል ዝርዝር ይሰጣትና ስላልሸመደደች ‘ቮካቡላሪ የላትም’ ትባላለች። ኧረ ተዉ!

እስቲ ተገልብጦ ይሞከር። ያችን ባለ 12 ነጥብ ቃል ስጧትና ትርጉሙን በራሷ እንግሊዝኛ ትጻፈው። ማን እንደሚያመርተው፣ ማን እንደሚሸጠው፣ ማንን እንደሚጎዳ። ከመዝገበ ቃላቱ የተሻለ እንደምትጽፍ እወራረዳለሁ።

‘ገራባ’ እና ‘ምርቃና’ ላይ ስትደርስ ግን ትቸገራለች። መዝገቡ ውስጥ የሉማ። የሚያሳዝነው ደግሞ ምርቃና በኪው ብትጻፍ ልክ ሰባት ፊደል ናት፣ ዩ አያስፈልጋትም። 18 ነጥብ፣ ሰባቱንም ለጨረሰ 50 ሲጨመር 68።