ራት ያለው ስጦታ

«የ24 ዓመት ወጣት ስሆን ከሳንሱሲ በታክሲ እየተመላለስኩ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ገቢ አሰባሳቢ ክፍል እሠራለሁ። ሥራዬ ለቀድሞ ተማሪዎችና ለነጋዴዎች እየደወሉ እርዳታ መጠየቅ ነው። አንድ ባለሀብት ‹እሰጣለሁ፤ ግን ብቻሽን መጥተሽ ራት እንብላ› አሉኝ። አለቃዬም ‹ራት ምናለበት? ለተማሪዎቹ ስትዪ ሂጂ› ይለኛል። እምቢ ብል እንጀራዬን እንዳላጣ ፈራሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»
ግራ የገባኝ ከሳንሱሲ

መልስ፦ እህታችን፣ ፍርሃትሽ ይገባናል። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ገቢ መፈለግ ይዘዋል። አንቺ ግን መያዣ አይደለሽም! የስድስት ኪሎው ግቢ እኮ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ስጦታ የሚሰጠው ለተቋም እንጂ ለጠያቂዋ አይደለም።

ለሰውዬው «በቀን፣ ቢሮ፣ ከባልደረባዬ ጋር እንቀበልዎታለን፤ ገንዘቡም በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ይግባ» በያቸው። በዚህ ከቀሩ መጀመሪያም ያሰቡት ለተማሪው አልነበረም። አለቃሽንም «ትእዛዙን በጽሑፍ ስጠኝ» በዪው፤ አይደፍርም። የተባልሽውን ከነቀኑ ጽፈሽ ያዢ። ካልተዉሽ ለሥርዓተ ፆታ ክፍሉ አመልክቺ። ለምታምኚው ሰውም ዛሬውኑ ንገሪ፤ ብቻሽን አትብሰልሰይ።