ሥራው እዚህ፣ ባለቤቱ ባሕር ማዶ

የዛሬው የሥራና የሙያ አምዳችን የተነሳው ከአንዲት እናት ጥያቄ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኚህ እናት የሚኖሩት አሊ አዴ ነው። ልጃቸው ግን ባልባላ ከአክስቱ ጋር ነው ያለው። ሊጠይቁት መጥተው ሳለ አገኘኋቸውና እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ ልጅ፣ የምትጽፈውን ያነቡልኛል። እስቲ ይሄን ደግሞ ንገረኝ። ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ አፍጦ ያድራል። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ባሕር ማዶ ላለ አንድ ሰውዬ አፕ የሚሉትን ነገር እየሠራን ነው ይለኛል። ሰውዬውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ሲያልቅ እከፍላችኋለሁ ብሏቸዋል። ይኸው አራት ወር ሆነው። ይሄ ሥራ ነው ወይስ ማታለል?»

እውነቱን ለመናገር ወዲያው የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም። «እማማ፣ ልጁን ላነጋግረውና እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ ስላልሆነ እዚህ ማንሳቱ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። ኮምፒዩተር የተማሩ ልጆች በየቤቱ እየበዙ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥሪ የሚደርሳቸውም እንዲሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ለንደን ወይም ዱባይ ተቀምጦ አንድ ሐሳብ ይመጣለታል። ሰዎች በስልካቸው ዕቃ የሚያዙበት፣ ወይም ቤት የሚከራዩበት፣ ወይም ዕቁብ የሚጥሉበት ፕሮግራም ቢኖር ይላል። እሱ ራሱ ፕሮግራም መሥራት አይችልም። በሚኖርበት አገር ባለሙያ ልቅጠር ቢል ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ዋጋ ቀለል ወደሚልበት አገር ያማትራል፤ ህንድ፣ ዩክሬን፣ ኬንያ፣ ኢትዮጵያ። እዚያ ያሉ ጥቂት ወጣቶች ሐሳቡን ከዜሮ ተነስተው ይሠሩለታል። ሥራው በኢንተርኔት ይሄዳል፣ ገንዘቡም በዚያው መንገድ ይመጣል፤ ከመጣ።

ልብስ ሰፊ የሆናችሁ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። አንዱ ደንበኛ ሸሚዝ ይዞ ይመጣና «ይህንን አስመስለህ ስፋልኝ» ይላል። ዋጋ ትነጋገራላችሁ፣ ሲያልቅ ይከፍላል፣ በቃ። ሌላው ደግሞ ባዶ እጁን መጥቶ «የሚያምርብኝን ነገር ስፋልኝ» ይላል። ትሰፋለህ፣ ይለካል፣ እጅጌው አልጣመውም፤ ተርትረህ እንደገና ትሰፋለህ። አንገቱ ይቀየርልኝ ይላል። ትቀይራለህ። ይሄ ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚፈልገውን የሚያውቀው ሲያየው ብቻ ነው። አዲስ ሶፍትዌር ሁልጊዜ የሁለተኛው ዓይነት ልብስ ነው። ማንም ሠርቶት የማያውቅ ነገር ስለሆነ የሚመሳሰልበት ሸሚዝ የለም። ይሠራል፣ ጥቂት ሰዎች ይሞክሩታል፣ ያልጠቀማቸው ይጣላል፣ እንደገና ይሠራል። እንግዲህ «ሲያልቅ እከፍላለሁ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የማያልቅ ነገር ነው። ሰውዬው ምንም ተንኮል ባያስብ እንኳ የመክፈያው ቀን አይመጣም።

በዚህ መንገድ ተሠርተው ዓለምን ያዳረሱ ነገሮች ግን አሉ። ስካይፕን የማያስታውስ ስደተኛ ያለ አይመስለኝም። ኢንተርኔት ቤት ተሰልፈን ካናዳና አውስትራሊያ ያለ ዘመድ ፊት ያየንበት ነው። የስካይፕ ባለቤቶች አንድ ስዊድናዊና አንድ ዴንማርካዊ ነበሩ። ፕሮግራሙን የሠሩት ግን ታሊን በምትባለው የኢስቶኒያ ዋና ከተማ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ከዚያ በፊትም ካዛ የሚባለውን ፕሮግራም ለእነዚሁ ሰዎች ሠርተውላቸው ነበርና ተዋውቀዋል። ስካይፕ በነሐሴ 2003 ወጣ፤ በ2005 ኢቤይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። እዚህ ላይ ልብ የምትሉት ነገር፣ ከኢስቶኒያዎቹ አራቱ ዋና ባለሙያዎች የኩባንያው ድርሻ ስለነበራቸው የሽያጩ ገንዘብ ለእነሱም ደርሷል። በገንዘቡም በሌሎች ኩባንያዎች ላይ መዋዕለ ንዋይ የሚያፈስ ድርጅት አቋቋሙ። ስካይፕ ራሱ በግንቦት 2025 ተዘግቷል፤ ነፍሱን ይማር እንበል።

ዋትስአፕም እንዲሁ ታሪክ አለው። መሥራቹ ጃን ኩም በ16 ዓመቱ ከእናቱ ጋር ከዩክሬን አሜሪካ የገባ ልጅ ነው። እናቱ ልጅ ይጠብቁ ነበር፣ እሱ የግሮሰሪ ወለል ይጠርግ ነበር፣ የሚበሉትም በመንግሥት የምግብ ኩፖን ነበር። የራሽን ካርድ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ2009 ዋትስአፕን ሲጀምር የአይፎኑን ሥራ የሚያግዘው ሰው በኢንተርኔት የሥራ ገበያ ፈልጎ አንድ ፕሮግራመር ከሩሲያ አገኘ። በ2014 ፌስቡክ ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ሲስማማ፣ ኩም ውሉን የፈረመው ድሮ እናቱና እሱ ለኩፖን ይሰለፉበት በነበረው መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሞ ነው። ይህን ስሰማ እኔ በበኩሌ የራሽን ሰልፋችን ነው የታየኝ።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ከሁሉ በላይ ለእኛ ልጆች የሚቀርበው ታሪክ ይሄኛው ይመስለኛል።

አፖሲት የሚባል የሶፍትዌር ኩባንያ በ2007 ተመሥርቶ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዱ አዳም አባተ ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የኢንተርኔት ፍጥነት ምን እንደሚመስል የነበራችሁ ታውቃላችሁ፤ አንድ ፎቶ እስኪከፈት ቡና ይፈላ ነበር። በ2009 ደግሞ ታዮ ኦቪዮሱ የሚባል ናይጄሪያዊ ሌጎስ ላይ ፓጋ የሚል ኩባንያ ጀመረ። ሐሳቡ የባንክ ደብተር የሌለው ሰው በስልኩና በየሰፈሩ ባለ ወኪል በኩል ገንዘብ እንዲልክና እንዲቀበል ነው። ለእኛ የሐዋላ ሰዎች ለምናውቀው ሕዝብ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ሶፍትዌሩ ግን በቀላሉ የሚሠራ አይደለም። የሰው ገንዘብ ነው፤ አንድ ቁጥር ቢሳሳት የአንዱ ሳንቲም ወደ ሌላው ኪስ ይገባል።

ፓጋ ይህንን ሥራ ከአፖሲት ጋር ሠራው። የናይጄሪያ ገበያ ነጋዴ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስበትን ፕሮግራም አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ጻፉት ማለት ነው። ግንኙነቱ ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ዓመት ብቻ የቆየ አልነበረም። ዓመታት ቀጠለና በጥር 2020 ፓጋ አፖሲትን ጠቅልሎ መግዛቱን አስታወቀ። ተቀጣሪው ቡድን የቤቱ አካል ሆነ።

ለምን ዘለቀ? እንደኔ ግምት የሥራው ዋጋ መርከሱ ብቻ አይደለም፤ ርካሽ ባለሙያ በየአገሩ ሞልቷል። አዲስ አበባና ሌጎስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ብቻ ነው ያላቸው፤ ደንበኛው ጠዋት ሲጠይቅ ጠዋት ይመለስለታል። ካሊፎርኒያ ላለ ሰው ግን የእኛ ቀን ሌሊቱ ነው፤ የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ሰዓት ልዩነት አለ። ከዚያም በላይ ገንዘብ በወኪል መላክ ምን እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን ለአዲስ አበባ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ኖሮበታል። ገና ባልተወለደ ምርት ላይ ደንበኛው የሚገዛው ይህንን ነው፤ «ይሄ እኮ እንዲህ ቢሆን ይሻላል» የሚለውን ሰው። ዝም ብሎ የታዘዘውን የሚሠራ ቡድን በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ብዙም አይጠቅምም።

በነገራችን ላይ ሶፊያ የምትባለውን ሮቦት በቴሌቪዥን አይታችሁ ይሆናል። ሠሪዋ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ነው፤ በሶፍትዌሯ ላይ ግን በ2013 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ ፕሮግራመሮች ተሳትፈዋል። በ2018 ክረምት አዲስ አበባ ስትመጣ የአካሏ ክፍሎች የነበሩበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍቶባት ነበር። ሻንጣ የጠፋበት መንገደኛ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አወቅን።

ሁሉም መልካም ነው ማለቴ አይደለም። የባሕር ማዶ ደንበኛ አንድ ትልቅ ፍርሃት አለው፦ ሰዎቹ በድንገት ቢጠፉብኝስ? ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ከሰኔ 30 ቀን 2020 ጀምሮ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። ሥራ ለማስረከብ ቀን የቆረጠ ቡድን ሦስት ሳምንት ድምፁ ቢጠፋ ደንበኛው ምን ያስባል? እኛ እዚህ በዚህ በኩል የተሻለ ቦታ ላይ ነን። ጅቡቲ የባሕር ሥር ኬብሎች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ከኢትዮጵያ የሚወጣው የኢንተርኔት አንዱ ዋና መስመርም በዚሁ ያልፋል። ኬብሉ በራችን ላይ ነው እንግዲህ፤ የካርዱ ዋጋ ነው የከበደን።

ካምፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ተሞክሮ ያውቃል ወይ ለሚል፣ አዎ ተሞክሯል። ሳማሶርስ የሚባለው ድርጅት በ2009 ገደማ ኬንያ ዳዳብ ካምፕ ውስጥ ለነበሩ ስደተኞች በኮምፒዩተር የሚሠሩ ጥቃቅን ሥራዎችን ያመጣ ነበር። እነዚያ ግን የተቆራረጡ ሥራዎች ናቸው፤ ይህን ምስል ለይ፣ ይህን ቃል አስተካክል የመሳሰሉ። በቁጥር ይሠራል፣ በቁጥር ይከፈላል። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ግን ማለቂያ አለው። የባልባላው ልጅ የገባበት ሌላ ነው።

ልጁን ከነጓደኞቹ አገኘሁት። ጨዋ ልጆች ናቸው። የሠሩትን በስልክ አሳዩኝ፤ እኔ ባለሙያ ባልሆንም ደስ ይላል። በአራት ወር ውስጥ ሰውዬው ሦስት ጊዜ ሐሳቡን ቀይሯል። «ውል አላችሁ?» አልኳቸው። የዋትስአፕ መልእክት አሳዩኝ። «ፕሮግራሙ የማን ነው የሚል ነገር ተጽፏል?» አልተጻፈም። «ገንዘቡ በምን ይመጣል?» እርስ በርስ ተያዩ።

ይህቺ የመጨረሻዋ ቀላል አይደለችም። በጥር 2017 በወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ መሠረት ስደተኛ የመሥራት መብት አለው፤ ይህን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ይሁንና መብቱ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ የውጭ አገር ገንዘብ የሚገባበት አካውንት መክፈት ሌላ ነገር። የማውቀው አንድ ወጣት ገንዘቡን በሰው አካውንት አስልኮ ሰውዬው ስልኩን አጥፍቶበት ቀርቷል። የሁለት ወር ድካም ነበር። በሰው ስም ገንዘብ ማስላክ ካለባችሁ፣ ያ ሰው እናታችሁ የምታውቀው ሰው ይሁን።

ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ለሰውዬው ደብዳቤ ጻፍን። እስካሁን ለተሠራው የሚችለውን ያህል እንዲከፍል፣ ከአሁን በኋላ በየሁለት ሳምንቱ የሚሠራው ተለይቶ ሲረከብ እንዲከፈል፣ እስኪከፈልም ኮዱ እነሱ ዘንድ እንዲቆይ፣ የባለቤትነቱም ጉዳይ በጽሑፍ እንዲሰፍር። በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፍነው። አንደኛው ልጅ «ቢቆጣስ? ሥራውን ቢከለክለንስ?» ብሎ ፈርቶ ነበር። ያልተከፈለበትን ሥራ መከልከል ምን ጉዳት አለው ብንለውም ፍርሃቱ ይገባኛል። ለአራት ወር የደከመበትን ነገር ማን በቀላሉ ይተዋል?

መልሱ በስድስተኛው ቀን መጣ። ሰውዬው አታላይ አልነበረም። ሌሊት ዘበኛ ሆኖ የሚሠራ የእኛው አገር ሰው ነው፤ ቀን ቀን ሐሳቡን ያብሰለስላል። ገንዘብ የለውም። «እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲሸጥ እከፍላችኋለሁ ብዬ ነው» ይላል። አሁን መቶ ዶላር እንደሚልክና ከሚቋቋመው ኩባንያ ድርሻ ሊሰጣቸው እንደሚፈልግ ጽፏል። ልጆቹ ድርሻው ስንት እንደሆነ በወረቀት ጽፎ ፈርሞ እንዲልክ ጠየቁት፤ ምስኪን ነው ብለው ያለ ወረቀት እንዳይቀጥሉ እኔም ተማጽኛቸዋለሁ። ወረቀቱ እስኪመጣ ሥራውን አቁመው፣ ሁለቱ ሰፈር ውስጥ ስልክ መጠገን ጀምረዋል።

ለእናትየው ቃሌን አክብሬ ደውዬ ነገርኳቸው። ማታለል እንዳልሆነ፣ ገና ሥራም እንዳልሆነ፣ ምናልባት ግን ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚችል አስረዳኋቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ድርሻ ደግሞ ምንድነው? ይበላል?» አሉኝ። ወረቀቱ ሲመጣ ተርጉመን እናነብላቸዋለን።

ቸር እንሰንብት።