«ጋዜጠኝነት» ሁለተኛ የወጣበት ቅዳሜ

ከፈረስ ጋር ያለኝ ትውውቅ ይህን ያህል ነው፦ ልጅ ሆኜ ለጥምቀት ጃንሜዳ ላይ ፈረሰኞች ሲያልፉ በሰው ትከሻ መሀል አጮልቄ አይቻለሁ፤ ካደግሁ በኋላ ደግሞ ደብረ ዘይት ሁለት ሦስቴ ጋሪ ተሳፍሬያለሁ። አለቀ። በዚህ ዕውቀቴ ነው እንግዲህ በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የፈረስ እሽቅድምድም ገማች ሆኜ ገንዘብ የተቀበልኩት።

ፍሪላንሰር የሆነ ሰው ያውቀዋል፤ ወር ሲደርስ የቤት ኪራይ ርዕስ አያስመርጥም። አንድ የውርርድ ድረ ገጽ በአማርኛ ቅድመ ግምት የሚጽፍለት ሰው ፈለገ። በአብዛኛው እግር ኳስ ነበር፤ አልፎ አልፎ ቴኒስ፣ ጥቂት ጊዜ ደግሞ ፈረስ። ሥራው ከባድ አልነበረም። የእንግሊዝኛውን ሦስት አራት ትንታኔ አነባለሁ፣ አዋህዳለሁ፣ መጨረሻ ላይ «የዛሬው አሸናፊ» ብዬ አንድ ስም አስቀምጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ከአርታኢው ጋር ያነታርከን ነበር። እኔ «ሊያሸንፍ ይችላል» ብዬ የላክሁት ሁልጊዜ «ያሸንፋል» ሆኖ ይወጣል። ስጠይቀው «"ይችላል" አይሸጥም» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው።

•••

ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ኬንታኪ ግዛት፣ ሉዊቪል ከተማ፣ ቸርችል ዳውንስ በሚባለው መም «ኬንታኪ ደርቢ» ይካሄዳል። ከ1875 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ያልተቋረጠ ውድድር ነው። ሦስት ዓመት የሞላቸው ፈረሶች ብቻ ይሮጡበታል። ርቀቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች ከዚያ ቀን በፊት ይህን ያህል ሮጠው አያውቁም። በዕለቱ ከጠዋት ጀምሮ በርካታ ውድድሮች ይደረጋሉ፣ ዋናው ግን አመሻሽ ላይ ነው፤ በእኛ ሰዓት ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ።

የዚያን ዓመት ብዙ ሰው ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው ፈረስ ስሙ ማን ነበር መሰላችሁ? «ጆርናሊዝም»። ጋዜጠኝነት! ዋና ተፎካካሪዎቹ መካከል ደግሞ «ሶቨርንቲ»፣ ማለትም «ሉዓላዊነት» ነበረ። እኛ አገር ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ። እነሱ ደግሞ ለፈረስ የሐሳብ ስም ያወጣሉ። የሙያዬን ስም የተሸከመ ፈረስ አይቼ እንዴት አልምረጠው?

ምክንያት አጥቼ ግን አልነበረም። «ጋዜጠኝነት» ከዚያ በፊት አራት ውድድር በተከታታይ አሸንፏል። የመጨረሻውን ያሸነፈው በሌሎች ፈረሶች መሀል ታፍኖ ቆይቶ፣ ክፍተት ሲያገኝ ተስፈንጥሮ ነው። ጽሑፌ ውስጥ ይህን ሁሉ አስቀመጥኩ። «ያሸንፋል» ተብሎም ወጣ።

ያልጻፍኩት ምን ነበር? ፈረሱ ሁሉንም ውድድር የሮጠው በካሊፎርኒያ ደረቅ መም ላይ መሆኑን። በዕለቱ ደግሞ ሉዊቪል ዝናብ ሲጥል ውሎ መሙ ጭቃ ሆነ። «ሉዓላዊነት» በበኩሉ በዚያው በቸርችል ዳውንስ ሮጦ አሸንፎ ያውቃል። ውጤቱ፦ «ሉዓላዊነት» አንደኛ፣ «ጋዜጠኝነት» ሁለተኛ። በአሸናፊው ላይ 2 ዶላር ያስያዘ 17.96 ዶላር ወሰደ።

በማግስቱ ጓደኞቼ በቀልድ ጨረሱኝ። «ጋዜጠኝነትና ሉዓላዊነት ሲሽቀዳደሙ ማን እንደሚቀድም አንተ ሳታውቅ ነው?» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ።

•••

ያላሳቀኝ የሰፈሬ ልጅ ነው። ባጃጅ ይነዳል፤ የራሱ አይደለም፣ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። ጽሑፉ ላይ ስሜ አልነበረም፤ እኔ እንደምጽፈው ግን ሰፈር ውስጥ ይታወቃል። ሰኞ ጠዋት ሲያገኘኝ 600 ብር እንዳስያዘ ነገረኝ። ተናዶ መስሎኝ ነበር። «ብራዘር፣ አንተማ ትክክል ነበርክ፣ ጭቃው ነው» አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 9፣ «ፕሪክነስ» የሚባለው ውድድር ነበር። «ሉዓላዊነት» አልገባም፣ አሰልጣኙ አሳረፈው። እኔ እንደገና «ጋዜጠኝነት» አልኩ። ፈረሱ በመጨረሻው ኩርባ ላይ በሁለት ፈረሶች መሀል ተጨፍልቆ አለቀለት ሲባል፣ ወጥቶ በግማሽ ቁመት አሸነፈ። ልጁ ያስያዘው 1,000 ብር እጥፍ ገደማ ሆኖ ተመለሰለት። የዚያን ቀን ማታ ማኪያቶ ጋበዘኝ። በሕይወቴ ከጠጣሁት ሁሉ ክፉው ማኪያቶ እሱ ነበር፤ ያኔ ግን አላወቅሁም።

ግንቦት 30 «ቤልሞንት» መጣ። ሁለቱ ፈረሶች እንደገና ተገናኙ። እኔ ለሦስተኛ ጊዜ «ጋዜጠኝነት» አልኩ፣ ድረ ገጹም ለሦስተኛ ጊዜ «ያሸንፋል» አለ። «ሉዓላዊነት» አንደኛ፣ «ጋዜጠኝነት» ሁለተኛ፤ ሦስተኛው እንኳ የደርቢው ሦስተኛ ነበር። ልጁ ለባጃጁ ጎማ ያጠራቀማትን 6,000 ብር ነበር ያስያዘው። ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «አንተ ምን ታደርግ፣ ፈረሱ ነው» አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የዚያን ሳምንት ሥራውን ተውኩ።

•••

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ትንታኔ ሁሉ ከንቱ ነው?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ጥሩ ቅድመ ግምት ትልቅ ዕውቀት አለበት። ፈረሱ ፊት መርቶ የሚሮጥ ነው ወይስ ከኋላ የሚመጣ? ፊት መሪ የሆኑት ከበዙ እርስ በርስ ይደካከማሉና ከኋላ ለሚመጣው ይመቻል። በስንተኛው በር ይነሳል? ጋላቢው ማን ነው? መሙ ደረቅ ነው ጭቃ? አባትና እናቱ ረጅም ርቀት የሚችሉ ነበሩ? ይህን አገናዝቦ የሚጽፍ ሰው ከእኔና ከእናንተ ብዙ ያውቃል።

ነገር ግን የዚያ ሁሉ ዕውቀት ጣሪያ የት እንደሆነ ስሙ። በአሜሪካ መሞች ብዙ ገንዘብ የተያዘለት ፈረስ የሚያሸንፈው ከሦስት ውድድር በአንዱ ገደማ ነው። ማለትም የሺዎች ዕውቀትና ገንዘብ ተደምሮ የመረጠው ፈረስ ከሦስት ሁለቴ ይሸነፋል። በደርቢ ከ2013 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ስድስት ዓመት ተጠባቂው ፈረስ አሸነፈ። ያኔ ገማች ሁሉ ሊቅ ነበር። ከ2019 እስከ 2025 ባለው ሰባት ዓመት ግን ተጠባቂው ፈረስ አንድ ጊዜም አላሸነፈም። በ2022 ያሸነፈው «ሪች ስትራይክ» በዋዜማው ሌላ ፈረስ ስለቀረ ብቻ የገባ፣ ቀደም ሲል በ30,000 ዶላር የተገዛ፣ 80 ለ 1 የተባለለት ፈረስ ነበር።

ገንዘቡንም ልብ በሉ። እዚያ ተወራራጁ የሚያስይዘው አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፤ መሙ ድርሻውን መጀመሪያ ያነሳል (በቸርችል ዳውንስ አሸናፊን ለመገመት ከሚያዘው 17 በመቶ ገደማ)፣ የቀረውን አሸናፊዎች ይከፋፈላሉ። ስለዚህ ተጠባቂው ፈረስ ከሦስት አንዴ ሲያሸንፍ የሚከፍለው የሁለቱን ሽንፈት አይሸፍንም። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጠዋት መሙ የሚያወጣው የመጀመሪያ ግምት ማን እንደሚያሸንፍ አይናገርም፤ ሕዝቡ ገንዘቡን በማን ላይ እንደሚያፈስ ነው የሚገምተው። የገበያ ወሬ ነው፣ ትንቢት አይደለም።

•••

አሁን ወደ ራሳችን ስልክ እንምጣ። እዚሁ ቴሌግራም ላይ «100 ፐርሰንት»፣ «ፊክስድ»፣ «ቪአይፒ» እያሉ ግምት የሚሸጡ ቻናሎችን ሁላችሁም አይታችኋል። የበላ ትኬት ይለጠፋል፣ የተቃጠለው ይሰረዛል። ከዚህ የባሰ የቆየ ዘዴም አለ። ገማቹ ለ800 ሰው ይጽፋል፤ ለግማሹ «ያሸንፋል»፣ ለግማሹ «አያሸንፍም» ይላል። ትክክል የደረሳቸውን 400 ይዞ እንደገና ለሁለት ይከፍላል፤ 200 ይቀራሉ። አንዴ ደግሞ ይደግመዋል። አሁን 100 ሰዎች «ይህ ሰውዬ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አልሳተም» ብለው ይምላሉ። አልዋሹም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ክፈሉ የሚባሉትም ያኔ ነው።

በቤቲንግ ቤቶች ስክሪን ላይ በየጥቂት ደቂቃው የሚሮጡት የኮምፒውተር ፈረሶችና ውሾች ደግሞ ጭራሽ ሌላ ናቸው። አባት የላቸውም፣ አሰልጣኝ የላቸውም፣ ዝናብ አይመታቸውም። ውጤቱ በኮምፒውተር ዕጣ የሚወጣ ቁጥር ነው። እዚያ ላይ «ዛሬ 4 ቁጥር ሞቋል» ብሎ የሚመክር ሰው ሊያውቅ የሚችለው አንዳች ነገር የለም። ልጆቻችን ግን ደብተር ይዘው የቁጥሩን «ፎርም» ሲያጠኑ አይቻለሁ።

«አዋቂ ሰው ነው፣ ማንም አላስገደደውም» የሚል መልስ ይመጣል። ገንዘቡን ያስያዘው ልጁ ራሱ ነው፣ እውነት ነው። እኔ ግን ያለኝን ዕውቀት ከፊሉን ደብቄ ነው የሸጥኩለት። «ከሦስት አንድ ዕድል አለው» ብዬ ብጽፍ ኖሮ የጎማውን ብር አያስይዝም ነበር ብዬ አልምልም። ቢያንስ ግን የሚገዛውን ያውቅ ነበር። በርበሬ ነጋዴ እንኳ ሸክላ ሲቀላቅል ይጠየቃል።

ይህ ነገር ከውርርድም ያልፋል። የፈረስ ገማች ቢያንስ አመሻሽ ላይ ይታወቃል፤ መሙ ይፈርድበታል። በየስቱዲዮው ተቀምጠን «በሦስት ወር ውስጥ እንዲህ ይሆናል»፣ «ይህ ቡድን አብቅቶለታል» የምንል ተንታኞችስ? ሦስቱ ወር ሲያልፍ ማን ተመልሶ ይጠይቀናል? እኛም «ይችላል» የሚለውን ቃል ጠልተናል፤ «ይሆናል» ብሎ የጮኸ ብዙ ተመልካች ያገኛል። አድማጩም እንደ ባጃጅ ነጂው ልጅ የዋህ ነው፤ ስንሳሳት «ጭቃው ነው» ይልልናል። የሚያስይዘው ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ቤት ሸጦ የሚሰደደውም፣ ከጎረቤቱ የሚቆራረጠውም አንዳንዴ የእኛን ግምት አምኖ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። ማንም ይሁን ማን፣ የፈረስ፣ የኳስም ሆነ የፖለቲካ ገማች፣ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ከአስር ስንት ጊዜ ይሆናል ትላለህ? ከዚህ በፊት ያልካቸው የት አሉ፣ የተሳሳትካቸውም ጭምር? ለዚህ የሚከፍልህ ማን ነው? እነዚህን የማይመልስ ሰው ሻጭ እንጂ ገማች አይደለም። የእኔን መልስ ከላይ ጽፌዋለሁ፦ ከሦስት አንድ፣ አንድ ጊዜ ልክ ሁለት ጊዜ ስህተት፣ ከፋዬም የውርርድ ቤት ነበር።

ለሰፈሬ ልጅ ባለፈው አንድ ትንሽ ደብተር ሰጠሁት። የሚከተለው ቻናል የሚለቃቸውን አስር ግምቶች ከውድድሩ በፊት እንዲጽፍ፣ ከዚያ ውጤቱን ከጎኑ እንዲያኖር፣ እስከዚያ አንድ ብር እንዳያስይዝ ተስማማን። ሦስቱን ጻፈና ተወው። «ብራዘር፣ ይሄ ነገር ሞራል ይገድላል» አለኝ። ደብተሩ ግን አሁንም ባጃጁ ውስጥ፣ መሪው ሥር አለ።

ወደፊት በግንቦት መጀመሪያው ቅዳሜ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ደርቢ ይኖራል። ማን ያሸንፋል ካላችሁኝ፣ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ፈረስ ከማሸነፍ ይልቅ የመሸነፍ ዕድሉ ይበልጣል። ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም። ይህን በነጻ ነው የሰጠኋችሁ።

መልካም ሳምንት።