ለጀናዛው ስንፈጥን፣ ለሕያው ስንዘገይ



ነገሬን ከአንድ የሒሳብ መዝገብ ልጀምር። መዝገቡ የሰፈራችን ጀመዓ የእድር መዝገብ ነው፤ ገንዘብ ያዡም እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ወቀሳ አስቀድሞ የሚደርሰው ለራሴ ነው።

ከመካከላችን አንድ ልብስ ሰፊ ወንድም ነበር። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙና በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ታዘዘለት። በመጀመሪያው ጁምዓ ኢማማችን ከሶላት በኋላ ተነሥተው ስለ እሱ ተናገሩ። ጀመዓው አለቀሰ፤ ኪሱንም ፈታ። በዚያች አንዲት ቀን የተሰበሰበው ገንዘብ ለስምንት ሳምንት እጥበት በቃ። አልሐምዱሊላህ ብለን፣ ግዴታችንን የተወጣን መስሎን ወደየቤታችን ገባን። ከስምንት ሳምንት በኋላ እንደገና ተነገረ፤ የተሰበሰበው ለሦስት ሳምንት ብቻ ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነገር ግን ከኋላው ሶፍ «አሁንም ያው ሰውዬ ነው?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ወንድማችን ያን ዕለት መስጂድ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስሙ በጀመዓ ፊት እንዲነሣ አልፈለገም። የስፌት መኪናውን ሸጠ። ሦስቱን የእጥበት ቀን ሁለት አደረገው፤ ሁለቱንም አንድ አደረገው። አንድ ሌሊት ሳንባው ውኃ ሞልቶ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። አላህ ይዘንለት።

በማግስቱስ ምን ሆነ? ድንኳኑ ገና በማለዳ ተተከለ። ቀባሪውን የሚያደርሱ መኪኖች ተደረደሩ። ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛው በላ፣ ጠጣ፤ በሬም ታረደ። ሁሉም ካለፈ በኋላ መዝገቡን ዘርግቼ ደመርኩት። ወንድማችን ከሞተ በኋላ በሦስት ቀን ያወጣነው ገንዘብ ለአሥራ አንድ ሳምንት እጥበት ይበቃው ነበር። በእነዚያ ሦስት ቀናት «አሁንም ያው ሰውዬ ነው?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ወገኖቼ! ይህ የእኛ ሰፈር ታሪክ ብቻ ነውን? እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ጀመዓ መዝገብ ግለጡና እዩ።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ እለምናለሁ። ጀናዛን መሸኘት ሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለው ሐቅ ነው፤ ሐዘንተኛን ማጽናናትም እንዲሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። የታመመን መጠየቅም ሐቅ ነው። ታዲያ አንዱን ሐቅ በድንኳንና በበሬ ስንፈጽም ሌላውን በአንድ ጁምዓ ዕንባ ጨረስን ማለት ከየት የመጣ ሚዛን ነው?

ስለ በሽታው ጥቂት ማወቅ ይገባናል፤ ስሕተታችን የሚጀምረው ካለማወቅ ነውና። ጤናማ ኩላሊት ሌሊትና ቀን ሳያርፍ ደምን ያጣራል። እጥበቱ ግን ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል ነው። ከሳምንቱ 168 ሰዓታት ውስጥ 12ቱ ብቻ ማለት ነው። በቀሩት ሰዓታት ሁሉ መርዙም ውኃውም በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ ቀን ሲዘለል ውኃው ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይበዛና ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። እንግዲህ እጥበት እንደ ወባ መድኃኒት ተወስዶ የሚያልቅ ሕክምና አይደለም። ሌላ ኩላሊት እስኪተከል ወይም ዕድሜ እስኪያበቃ ድረስ ዛሬም፣ ከነገ ወዲያም፣ በሚቀጥለውም ሳምንት ይፈለጋል።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በሽታው የዘወትር ነው፤ ልግስናችን ግን የአንድ ቀን ነው። እንደ ክረምት ጎርፍ እንሰጣለን፤ ሕመምተኛው የሚፈልገው ግን በበጋም የማይደርቅ ምንጭ ነው። ጥቂትም ብትሆን የምትዘወትር ሥራ በአላህ ዘንድ ተወዳጅ መሆኗን የሚያስተምረውን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ ስንት ጊዜ በኹጥባ ሰማነው? ስንሰማው ስለ ሱና ሶላትና ስለ ዚክር ብቻ የተነገረ መሰለን። የወንድም ሕይወት በሦስት ቀን ቀጠሮ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ከዚህ የተሻለ ያ ትምህርት የሚሠራበት ቦታ የት ይገኛል?

ቀደምቶቻችን ይህን ተረድተውት ነበር። ሱልጣን ቀላውን በካይሮ ከተማ በ683 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ1284) ያሠራው ቢማሪስታን፣ ማለትም ሆስፒታል፣ ሀብታምና ድሀ፣ ወንድና ሴት ሳይለይ ያክም ነበር። ሥራው የቆመው በየሳምንቱ በሚለቀስ ልመና አልነበረም። ወቅፍ ተደርጎለት፣ የሱቅና የሌላ ንብረት ገቢ ተመድቦለት ነበር። የሰጪው ስሜት ሲቀዘቅዝ የሕመምተኛው መድኃኒት እንዳይቋረጥ አስቀድሞ ታሰበበት። እኛ የእነሱን ታሪክ በኩራት እናወራለን፤ አሠራራቸውን ግን ለታሪክ መጽሐፍ ትተንለታል።

የሌሎችንም ልምድ እንይ። የመጀመሪያውን የሚሠራ ሰው ሠራሽ ኩላሊት እ.ኤ.አ. በ1943 የሠራው ቪለም ኮልፍ የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ፣ ቤልዲንግ ስክሪብነር የተባለ ሐኪም ክንድ ላይ የሚቆይ ቱቦ አበጅቶ እጥበትን ለዓመታት መቀጠል የሚቻል አደረገው። ማሽኑ ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ ነበርና ማን ይኑር፣ ማን ይቅር ብሎ የሚመርጥ ኮሚቴ ከከተማው ነዋሪዎች ተቋቋመ። ነገሩ በጋዜጠኞች ሲገለጥ ብዙ ሰው ደነገጠ፤ ብዙ ክርክርም ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1972 መንግሥታቸው የእጥበትን ወጪ የሚሸፍን ሕግ አወጣ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ኮሚቴ ተሰብስቦ አያውቅም፤ የሚያስደነግጠንም ነገር የለም። በኮሚቴው ፋንታ የሚመርጠው ኪስ ነው። ያለው ይታጠባል፤ የሌለው ድንኳን ይተከልለታል።

አሁን ከጀመዓው አፍ የሚሰሙትን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንመልከት።

አንዳንዱ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ መንግሥት ሊሠራው ይገባል፤ እንዲሠራም መጠየቅ አለብን። ማጣሪያው፣ ቱቦውና ሌላው ዕቃ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ስለሆነ ይህን ሸክም ጀመዓ ብቻውን አይችለውም። ነገር ግን ጥያቄው መልስ እስኪያገኝ ረቡዕ ይደርሳል፤ ዓርብም ይደርሳል። ጎረቤትህ ቤት እሳት ሲነሣ የእሳት አደጋ መኪና እስኪመጣ እጅህን አጣጥፈህ ትቆማለህን?

ሌላው «ማለቂያ የለውም፤ ገንዘብን ገደል መጣል ነው» ይላል። የብዙዎቻችን ልብ የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ የኋላው ሶፍ ድፍረት አግኝቶ ተናገረው እንጂ። ወንድሜ ሆይ፣ የአንተስ ምሳ ማለቂያ አለውን? ትናንት በልተህ ዛሬ ስትራብ ቤተሰብህ «አሁንም ያው ሰውዬ ነው?» ይሉሃልን? በስክሪብነር ዘዴ መጀመሪያ የታከመው ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ኖሯል። እጥበቱ ያልተጓደለበት ሰው ሊሠራ፣ ልጆቹን ሊያሳድግ፣ ሶፉ ላይ ሊቆም ይችላል። ማለቂያ የለውም የምንለው ነገር የአንድ አባት ዕድሜ ነው።

ሦስተኛው «ዘካ ለዚህ አይሆንም» ይላል። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ብይኑን ከዑለማዎች ጠይቁ። ነገር ግን ስትጠይቁ ጥያቄውን በሙሉ ጠይቁ። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል፣ በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ እንደተዘረዘሩት፣ ድሆች፣ ምስኪኖችና ባለ ዕዳዎች አሉ። የስፌት መኪናውን የሸጠ፣ ከዘመድ የተበደረ፣ የቤት ኪራይ ያቃተው ሕመምተኛ ከእነዚህ ከየትኛው ይጎድላል? ብላችሁም ጠይቁ።

አራተኛው «አጭበርባሪ በዝቷል» ይላል። ይህም እውነት ነው። መፍትሔው ግን እጅን መሰብሰብ አይደለም። ገንዘቡ በቀጥታ ለሚያክመው ሆስፒታል ይከፈል፤ ደረሰኙም ለጀመዓው ይቅረብ። እንዲህ ሲሆን አጭበርባሪው ይከስራል፤ ሕመምተኛውም ወረቀት ይዞ መስጂድ በር ላይ ከመቆም ይድናል። ክብሩን አዋርደን የምንሰጠው ሰደቃ ለእሱ ሁለተኛ ሕመም ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንድ ቀላል ሒሳብ ላቅርብ። ዋጋው እንደ ሆስፒታሉ ይለያያልና እናንተ በአካባቢያችሁ ያለውን አስገቡ። አንድ እጥበት 2,000 ብር ነው እንበል። በሳምንት ሦስት ጊዜ 6,000 ብር፣ በዓመት 312,000 ብር ይሆናል። ሲሰሙት ያስፈራል። ለ12 ወር ሲካፈል ግን በወር 26,000 ብር ነው። 52 አባወራዎች በወር 500 ብር ቢመድቡ የአንድ ሰው እጥበት ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። በአንድ መስጂድ ጀመዓ 52 አባወራ ይጠፋልን? ለሠርግ ከምናወጣው፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዑምራ ከምናስቀምጠው 500 ብር ይጠፋልን? 500 የከበደው 50 ይስጥ፤ ግን በየወሩ ይስጥ! ለእድር የሞት መዋጮ በየወሩ እንደምንከፍል ሁሉ የሕያዋን መዋጮም በዚያው መዝገብ ላይ ዓምድ ይከፈትለት። አቅም ያለው ሱቁን ወይም የሱቁን ኪራይ ወቅፍ ያድርግ። ጎረቤታችን ክርስቲያን ቢሆንም የጎረቤት ሐቅ አለበት፤ በእጥበት ክፍል ውስጥ አልጋው ጎን ለጎን ነው፤ ከዚህ በር አንመልሰው።

ገንዘብ የሌለውም ባዶ እጁን አይደለም። ከክፍለ ሀገር ለእጥበት ሲል ወደ ከተማ የመጣ እንግዳ ማደሪያ ይፈልጋል። ከእጥበት ሲወጣ ሰውነቱ ይዝላልና የሚደግፈው፣ በመኪና የሚያደርሰው ሰው ያስፈልገዋል። አራቱን ሰዓት አብሮት የሚቀመጥም እንዲሁ።

ዚያራችንም ዕውቀት ይኑረው። ሕመምተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ የምንይዘው ሙዝ፣ ብርቱካንና ተምር ነው። ሦስቱም ፖታሲየም ይበዛባቸዋል፤ ለእጥበት ሕመምተኛ አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። «ጠጣ፣ በሞቴ ጠጣ» ማለትም አይገባም፤ ውኃው ተለክቶ የተሰጠው ነውና። ምን ልያዝ ብሎ ቤተሰቡን መጠየቅ ነውር የለውም። ለእጥበት የተዘጋጀውን ክንዱን አንጎትት፤ ዕቃም አናሸክመው። በረመዳን «ለምን አትጾምም?» ብለን አናሳቀው፤ ያ በእሱ፣ በሐኪሙና በዓሊሙ መካከል ያለ ነው። እጥበቱን ትቶ ቅጠል እንዲጠጣ የሚመክረውንም ዝም አንበለው፤ ኩላሊትን የሚጎዳ ቅጠል አለና። ዱዓና ሩቅያ ከሕክምናው ጋር እንጂ በሕክምናው ፋንታ አይደለም።

የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1988 የአካል ልገሳን በመስፈርት ፈቅዷል፤ መሸጥን ግን ከልክሏል። ከቤተሰብ መካከል ለመለገስ የሚያስብ ካለ ሐኪምንም ዓሊምንም ይጠይቅ፤ በወሬ አይወስን። ገና ያልታመምነውም የደም ግፊታችንንና ስኳራችንን እንለካ፤ ኩላሊትን በዝምታ ከሚያደክሙት በሽታዎች ዋነኞቹ እነዚህ ናቸውና። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማዘውተርም ይቅርብን።

ውድ አንባቢያን! ወንድማችን ከሞተ በኋላ በመዝገቡ ላይ አዲስ ገጽ ከፍቻለሁ። ይህን ስጽፍ ከስሜ ሌላ አሥራ ዘጠኝ ስም ተጽፎበታል፤ ይህ አይበቃም። ከጀመዓችን አንዲት እናት፣ የአራት ልጆች እናት፣ እጥበት ጀምራለች። ስለ እሷ ገና አንድ ጁምዓ ብቻ ተነግሯል፤ ጀመዓውም እንደ ልማዱ አልቅሷል። እኔ አሁን የምፈራው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጁምዓ ነው። እናንተም በየመስጂዳችሁ እንዲህ ያለች እናት ትኖራለች። ሄዳችሁ የእጥበት ቀኗ መቼና መቼ እንደሆነ ጠይቋት፤ ከቀኖቹ አንዱን ለራሳችሁ ያዙ።

አላህ ለሕሙማኖቻችን ዓፊያ ይስጥ፤ እኛንም ለሕያው ከሚዘገዩት አያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።