ልጆቻችን የሚያዩት የጃፓን ካርቱንና «ቡዳ» የሚለው ቃል

በኖቬምበር 2023 መጀመሪያ፣ እዚህ አሽቀሎን ሳይረን ሲጮህ ወደ ሚክላት ለመግባት 30 ሰከንድ ብቻ በሚሰጠን ጊዜ፣ በሥራዬ የማውቃቸው ጥቂት ወጣቶች በመጠለያው ጥግ አንዲት ስልክ ከበው «አታክ ኦን ታይታን» የተባለውን የጃፓን ካርቱን የመጨረሻ ክፍል ያዩ ነበር። አንዲት እናት «የውጭው ጥፋት አንሶ እዚህ ደግሞ ሰይጣን ያያሉ» ብለው ተቆጡ። የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ ስለሆንኩ ልጆቹን እንድገሥጽላቸው ይጠብቁ ነበር። አልገሠጽኳቸውም፤ ምክንያቴን ለእናንተ ለወላጆች መንገር እፈልጋለሁ።

ታሪኩ ሐጂሜ ኢሳያማ የተባለ ጃፓናዊ ከ2009 እስከ 2021 በመጽሔት ካወጣው ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል ከሚነበብ ልብ ወለድ የተወሰደ ሲሆን፣ በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በ2013 ነው። ኤልድያ የሚባሉ ሰዎች ወደ ግዙፍ ሰው በላ ፍጡር የመለወጥ ኃይል በደማቸው ስላለ «የሰይጣን ዘር» ይባላሉ። ገሚሶቹ በደሴት ላይ ከግንብ ጀርባ ይኖራሉ፤ ገሚሶቹ በጠላት አገር በአጥር በተከለለ ሰፈር ሆነው ክንዳቸው ላይ ምልክት ያለበት ጨርቅ ያስራሉ። የክንዱን ጨርቅ እዚህ አገር የተማረ ልጅ ሁሉ ከአውሮፓ ታሪክ ያውቀዋል። «የሰይጣን ዘር» መባልን ግን የእኛ ልጆች ከጎንደርም ሊያውቁት ይችሉ ነበር፣ ብንነግራቸው ኖሮ።

የቤተ እስራኤል አባቶች ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ፣ እናቶች ድስትና ጀበና ይሠሩ ነበር። ጎረቤት ቀን ማረሻውን ከእኛ ይገዛል፤ ማታ ጅብ ሆነው ይዞራሉ ብሎ ያማናል። ልጁን ሆዱን ካመመው የበላው የእኛ ዓይን ነው። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ስመጣ የ10 ዓመት ልጅ ስለነበርኩ ያንን ቃል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ለገዛ ልጆቼ ግን እስከዚያች ሌሊት ድረስ አልነገርኳቸውም። እንዳያዝኑ ብለን ነው እንላለን፤ እኔ ግን አፍረንም ይመስለኛል።

ወደ መጨረሻው ክፍል ልመለስ፤ ያላያችሁት ይቅር በሉኝ። ኤረን የተባለው ወጣት የደሴቱን ወገኖቹን ለማዳን ብሎ ግዙፎቹን እየነዳ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 80 እጁን ያስረግጣል። የሚገድለው ጠላት ሳይሆን የምትወደው ሚካሳ ናት፤ እርሱ ሲሞት የመለወጡ ኃይልም አብሮ ይጠፋል። በማንጋው የልብ ጓደኛው አርሚን ለኤረን የተናገረው ምስጋና የሚመስል ቃል ብዙ አንባቢ አስቆጥቶ ነበር። በካርቱኑ ኢሳያማ ያንን ንግግር ለውጦታል፤ አርሚን ጥፋቱን ይካፈላል፣ ሲኦልም አብረን እንሆናለን ይለዋል። ለእኔ የክፍሉ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በሚክላቱ ውስጥ ግን አንዱ ልጅ «ኤረን ልክ ነው፤ ሲሰድቡህ ዝም ካልክ ይረግጡሃል» አለ። በ2015 እና በ2019 በፖሊስ ድርጊት ተቆጥተው መንገድ የዘጉ ወጣቶችን ያየ ልጅ ነው። «ካርቱን ነው፣ ተወው» ብል አይሰማኝም፤ ስድቡ ካርቱን አይደለምና። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ስልኩን ከመንጠቅ ይልቅ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ክፍሉ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም።

የተቆጡትን እናት አብረውን እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። ሲያልቅ ያው ልጅ «እናንተንስ አገር ቤት ምን ይሏችሁ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ቡዳ» አሉት። በዕብራይስጥ ምን ማለት እንደሆነ እንድነግረው ወደ እኔ ዞረ፤ ቃል አጣሁ። እናትየው ግን ስለ ጅቡ፣ ስለ አባታቸው ወናፍና መዶሻ ማውራት ጀመሩ፤ የሚክላቱ በር ተከፍቶ ሰው ሁሉ ሲወጣም ልጆቹ ከአጠገባቸው አልተነሡም።