«ልሂቅ የለንም» የሚለው ለቅሶ



ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ በኋላ ደብረ ማርቆስ አንዲት ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ነበር። ስድስት ነን። አራታችን ዲግሪ አለን፣ አንዱ ደረሳ ነው፣ አንዱ ቦንዳ ልብስ ይነግዳል። ወሬው እንደተለመደው «እኛ ሙስሊሞች ለምን ወደ ኋላ ቀረን» ወደሚለው ዞረ። አንድ ወንድማችን፣ አላህ ይጠብቀውና ብዙ ያነበበ ነው፣ «ችግራችን ልሂቅ ማጣት ነው» አለ። «ሃያ ሚኒስትር፣ ሃምሳ ፕሮፌሰር፣ መቶ ሚሊየነር እናውጣ። ሌላው ይከተላል። ሕዝቡማ መንጋ ነው።» ቦንዳ ሻጩ ብርጭቆውን አስቀመጠና «መንጋው እኔ ነኝ እንዴ?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ይህ «ልሂቅ የለንም» የሚባል ለቅሶ በየገጹ፣ በየዳዕዋው፣ በየቴሌግራሙ ሞልቷል። ወጣቱ ሰምቶ ሰምቶ እውነት አድርጎታል። እኔ ግን በግልጽ እቃወመዋለሁ፤ ለዚህም ከራሳችን ከጎጃም ታሪክ የተሻለ ምስክር የለኝም።

አያቴ ሸማኔ ነበር። ሽመናን ወዶና መርጦ አልያዘም። በዚያ ዘመን በጎጃም ደጋ መሬት የሚገኘው በርስት ነው፤ ርስት ደግሞ ከዋናው አባት ዘር ተቆጥሮ የሚደርስ ስለሆነ ሙስሊም አይደርሰውም ነበር። ወይ ትነግዳለህ፣ ወይ ትሸምናለህ፣ ወይ የሰው መሬት ይዘህ እያረስክ ካመረትከው ታካፍላለህ። ከሸመንክ ደግሞ ጥበቡን ለብሶ የሚያጌጠው ሰው እጅህን ይንቀዋል።

ታዲያ ያኔ ልሂቅ አልነበረንም? ነበረን እንጂ! የባሶ ገበያ ስሙ በገነነበት ዘመን የየጁቤ ሙስሊም ነጋዴዎች ከአባይ ማዶ ቡናውን፣ ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱን ያመላልሱ ነበር። (ባሪያም ይነገድ ነበር፤ ታሪካችንን ስናወራ ይህንን መዝለል አይገባንም።) ሀብታም ነበሩ፣ መኳንንቱም ያውቋቸው ነበር። ያ ሁሉ ሀብትና ትውውቅ ለሸማኔው አንድ ጥማድ መሬት አላስገኘለትም። ነጋዴው በመኳንንቱ ደጅ ሲገባ ሲወጣ ሸማኔው እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ይሸምን ነበር።

«መንጋ» ስለተባለው ሕዝብ ደግሞ እናውራ። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ልጣል ሲል የሞጣ፣ የቢቸና፣ የዳሞት ገበሬ ተነሣ። ጦር ዘመተበት፣ አውሮፕላን ደበደበው። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ከጎጃም አነሱ፣ ውዝፍ ግብሩንም ማሩ። ይህን ያስደረገው አብዛኛው ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ነው።

ግን እውነቱን ሙሉ እንናገር። ያ ገበሬ ደሙን ያፈሰሰለት ርስት አያቴን ደጅ ያስቀረው ያው ርስት ነው። ስለዚህ ብዙ መሆን ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። ሕዝብም ቢሆን እርስ በርሱ ተከባብሮ፣ ተካፍሎ፣ ጎረቤቱን ግን ከአጥር ውጭ ሊተወው ይችላል። «ሕዝብ ሁሌ ትክክል ነው» የሚለኝ ሰው ካለ ከእሱም ጋር አልስማማም። የኔ ክርክር ሌላ ነው፤ ማንም ሰው ስለ ራሱ ኑሮ በሚወሰንበት ቦታ ይገኝ ነው የምለው። ሸማኔውም፣ ገበሬውም፣ ሴቷም፣ ደረሳውም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆነው እንደዚያ ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ይብቃን፣ ኢትዮጵያውያን ነን ብሎ የወጣውን ሰልፍ አስታውሱ። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ተሰልፈዋል። ዒዶቻችንና መውሊድ የሕዝብ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። በየካቲት 1967 ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፣ አያቴም በስተርጅናው መሬት ያዘ። «መሬት ላራሹ ያሉት ተማሪዎች ልሂቅ አልነበሩም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ነበሩ። ነገር ግን «መሬት ለእኛ» ብለው አልጮኹም። የተማረ ሰው እንደዚያ ሲሆን እኔም እጅ እነሣለሁ።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቶቻችን እንምጣ፤ ነገሩ እዚህ ይብሳልና። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። እኛ ያን ሰሞን ምን ለጠፍን? ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ሙስሊም ልጆችን ፎቶ። ማሻአላህ፣ ይገባቸዋል፤ እኔም ለጥፌያለሁ። ስለ ቀሩት ከመቶ ዘጠና ስድስት ስለሚበልጡት ልጆች ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። ከዚያ ወዲህ በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ እናንተው ታውቃላችሁ። አቅም ያለው ነጋዴያችን በዚህ መሀል ጎበዙን ልጁን አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ያስገባል። አልፈርድበትም፤ አባት ነው። ልጁ ሲሄድ ግን አባትየውም ከከተማው ትምህርት ቤት ጉዳይ አብሮ ይወጣል። ወንበሩ ለተሰበረበት ክፍል የሚከራከር፣ መምህር ለሌለው የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የሚጮህ አንድ ሰው ቀነሰ ማለት ነው። ከዚያ ተመልሰን «ልሂቅ የለንም» እንላለን።

ቁርኣን የሚያነብ ወጣት ሱረቱ ዐበሰ የወረደችበትን ምክንያት ያውቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቁረይሽ አለቆች ጋር እየተነጋገሩ ነበር፤ እነሱ ቢሰልሙ ብዙ ሰው ይከተላል ብለው ለዲኑ ተመኝተው ነው። ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብን ኡሚ መክቱም ሊማር መጣ። ፊታቸውን አዞሩ፤ አላህም በዚያ ገሠጻቸው። ያ ዓይነ ስውር በኋላ አዛን የሚያሰማ ሆነ፤ ነቢዩ ለዘመቻ ሲወጡም መዲናን ከአንድ ጊዜ በላይ ለእሱ አደራ ሰጥተዋል። እንግዲህ ለታላቁ ነቢያችን ያልተፈቀደ ሒሳብ ለእኛ ከየት ተፈቀደ?

መጅሊሱንም ተመልከቱት። በ2004 ዓ.ም. «ምርጫችን በመስጊዳችን ይሁን» ብለን ጮኽን፣ ወንድሞቻችንም ታሰሩበት። ያኔ ምርጫው ቀበሌ ውስጥ ተደረገ። በነሐሴ 2017 ምርጫው መስጊድ ሲገባ «ሸኾቹ ያውቃሉ፣ የተማሩት ያውቃሉ» ብሎ ቤቱ የተኛው ስንት ነው? ስለ አካሄዱ ቅሬታ ያለው አለ፣ ይኑረው፤ ሳይሳተፍ የሚያማርረው ግን ይገርመኛል። ጥቂት እውቀት የቀመሰውም ወንድሙን «እከሌ የዚያ አንጃ ነው» ብሎ ከሰፍ ሊያስወጣ ይቸኩላል። እርስ በርሳችን የማንቻቻል ሰዎች መንግሥትን «ብዝኃነትን አክብር» ስንል ማን ይስማን?

የምፈራው ተቃውሞ አንድ ነው። «እኛ እዚህ ጥቂት ነን፤ ከላይ ሰው ከሌለን ማን ይደርስልናል?» የሚል። ቀላል ጥያቄ አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶቻችን ሲቃጠሉ፣ ሱቆች ሲዘረፉ ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን አስቡት፤ በዚያች ሰዓት አዲስ አበባ ያለ ሚኒስትር ምን ያደርጋል? መግለጫ ይሰጣል። ክብሪቱን ከእጅ ሊቀማ የሚችለው ሞጣ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነበር፤ ከእኛ ጋር በዕድር፣ በገበያ፣ በትምህርት ቤት የተቀመጠ፣ ስማችንን የሚያውቅ ጎረቤት። ከላይ ሰው ይኑረን፣ አልጠላም። ከታች ሰው ካጣን ግን የላይኛው አይደርስልንም።

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ የሚማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የወተመህ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ከሙስሊም ቤተሰብ የተገኘነው እኔና ያ ቦንዳ ሻጭ ብቻ ነን። እሱ ተነሥቶ፣ እየተንተባተበም ቢሆን፣ የዓርብ ፈተና ከጁሙዓ ሰላት ጋር እንዳይጋጭ ጠየቀ። አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት «ይሄማ ተገቢ ነው፣ የኛም ልጆች በስቅለት እንዳይፈተኑ ጠይቀን ነበር» ብለው ደገፉት። ጉዳዩ አላለቀም፤ ለፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተቀጥሯል። የዚያ ያነበበው ወንድማችን ታናሽ እህትም እዚያው ነው የምትማረው። ደውዬለታለሁ፣ «እስቲ ካልተመቸኝም እሞክራለሁ» ብሏል። ቦንዳ ሻጩ ግን ሱቁን ለልጁ ትቶ እንደሚመጣ ነግሮኛል።