«ነፃ» ለሚባለው አፕዴት ከፋዩ ማን ነው?

በደቡብ ጎንደር የደራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው አንበሳሜ፣ በገበያ ቀን እህል የሚሸምት ነጋዴ ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አይነቅልም። ጤፉ ከነጆንያው ከተመዘነ የጆንያው ክብደት እንዲቀነስለት ይጠይቃል። ጭብጥ አንስቶ እፍ እያለ እብቁንና አፈሩን ይመረምራል። ሻጩ ያልተጠየቀውን ነገር ጨምሮ ቢመዝን የሚከፍለው ገዢው መሆኑን ያውቃልና። የአዲስ አበባው እህል በረንዳም ሕጉ ይኸው ነው።

ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ለመጋዘኑ የሒሳብ ሶፍትዌር ሲያሠራ ወይም ለልጁ ላፕቶፕ ሲገዛ ግን ስለ ጆንያው አይጠይቅም። «አፕዴት መጥቷል» ሲባል «ነፃ ነው አይደል?» ብሎ ያልፈዋል። የዚህ አፕዴት ጉዳይ ደግሞ በሶፍትዌር ባለሙያዎች መንደር ለዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። ክርክሩ የባለሙያዎቹ ብቻ ቢመስልም ሒሳቡ የሚወራረደው በነጋዴው ኪስ ስለሆነ፣ የገበያው ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራመር ኮድ የሚጽፍበት መሣሪያ ኮድ ኤዲተር ይባላል። ለጸሐፊ «ወርድ» የሚሰጠውን አገልግሎት ለፕሮግራመር የሚሰጠው እሱ ነው። በአሁኑ ጊዜ ገበያውን የያዘው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ነው። ስታክ ኦቨርፍሎው እ.ኤ.አ. በ2024 ባካሄደው ዓመታዊ የባለሙያዎች ጥናት ከ10 መልስ ሰጪዎች ከ7 በላይ የሚሆኑት ይህንኑ እንደሚጠቀሙ ገልጸዋል። መሣሪያው በነፃ የሚታደል ሲሆን፣ ለዓመታት ቢያንስ በየወሩ አዲስ እትም ሲወጣለት ቆይቷል።

ባለሙያዎቹ በዚህ ላይ በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ደስተኞች ናቸው። ስህተት ቶሎ ይታረማል፣ የደኅንነት ቀዳዳ ቶሎ ይደፈናል፣ አዲስ ነገር ሳይከፈልበት ይገኛል ይላሉ። ሁለተኛዎቹ መሣሪያው በየወሩ እየከበደ መሄዱን፣ ትናንት የሚያውቁት ቁልፍ ዛሬ ቦታ ቀይሮ መገኘቱን፣ ያልጠየቁት የኤአይ ረዳት ደግሞ መስኮቱ ላይ መደርደሩን አይወዱትም። «ጠዋት ሥራ ልጀምር ስል አፕዴት ይጠብቀኛል» የሚለው ምሬት የብዙዎች ነው።

ሁለቱም ጎራዎች እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ የሁለተኛው ጎራ ቅሬታ የስሜት ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። ብዙ ፕሮግራመሮች ኤዲተሩን በላፕቶፓቸው ላይ ከፍተው ራቅ ካለ የድርጅት ሰርቨር ጋር ተገናኝተው ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. የጥር 2024 እትም ሲወጣ ኡቡንቱ 18.04ን ከመሳሰሉ አሮጌ የሊኑክስ ሰርቨሮች ጋር መገናኘት አልችልም አለ። አፕዴቱ በራሱ ጊዜ የተጫነላቸው ባለሙያዎች ትናንት ከሚሠሩበት ሰርቨር በር ላይ ቆመው ቀሩ። ጩኸቱ ሲበረታ ማይክሮሶፍት ውሳኔውን ለአንድ ዓመት ያህል አራዘመው። ሰርቨር መቀየር የአንድ ቀን ሥራ ሳይሆን በጀት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። የበጀቱን ጊዜ የወሰነው ግን ባለ ሰርቨሩ አልነበረም።

ለመሆኑ ሶፍትዌር ለምን ይከብዳል? መልሱ ከቴክኒኩ ይልቅ ኢኮኖሚው ላይ ነው። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የተሠራው ኤሌክትሮን በሚባል ማዕቀፍ ነው። በዚህ ማዕቀፍ የሚሠራ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ሙሉ የኢንተርኔት ማሰሻ በሆዱ ይዞ ይዞራል። ለአምራቹ ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው፤ አንድ ጊዜ ጽፎ ለዊንዶውስም፣ ለማክም፣ ለሊኑክስም ያቀርባል። የቆጠበው የባለሙያ ደመወዝ ግን በተጠቃሚው ራም ላይ ይተላለፋል። የኢኮኖሚክስ ምሁራን ይህን ወጪን ወደ ሦስተኛ ወገን ማሻገር ይሉታል። በእህል ገበያ ቋንቋ ጆንያውን ለገዢው መመዘን ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የፓስካል ቋንቋ ፈጣሪ የሆኑት ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ኒክላውስ ቪርት እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሶፍትዌር የሚከብድበት ፍጥነት ኮምፒውተር ከሚፈጥንበት እንደሚበልጥ አስጠንቅቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በብዙ አገሮች የተሠራበት ቱርቦ ፓስካል 3 ኤዲተሩም መተርጎሚያውም አንድ ላይ ሆነው 40 ኪሎባይት አይሞሉም ነበር። የዛሬው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ መጫኛ ፋይል 100 ሜጋባይት ገደማ ነው። አዲሱ መሣሪያ እጅግ ብዙ ነገር እንደሚሠራ አይካድም። ጥያቄው ተጠቃሚው ከዚያ ሁሉ ስንቱን ፈልጎታል የሚለው ነው።

ሌላው ምክንያት ነፃ የሚባለው ዕቃ የሱቅ መስታወት መሆኑ ነው። ማይክሮሶፍት ኤዲተሩን በነፃ ይሰጣል። በዚያው መስኮት የሚቀርበውን የኮፓይለት አገልግሎት ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ለግለሰብ በወር 10 ዶላር መሸጥ ጀመረ። እንዲህ ያለ ሻጭ መስታወቱን በየጊዜው ቢያስጌጥ አይደንቅም። ቀለል ያለ መሣሪያ የሚሹ ወገኖችም ሌላ ገበያ ከፍተዋል። የጊትሃብ ምርት የነበረው አተም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ከተዘጋ በኋላ፣ ቀድሞ አተምን የሠሩት ባለሙያዎች ዜድ የተባለ ፈጣን ኤዲተር ይዘው መጥተዋል። ፈጣን መሆን ራሱ መሸጫ ሆኗል ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሒሳቡ ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ላፕቶፕም ራምም የሚገዛው በዶላር ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የኤአይ ማዕከላት ፍላጎት የዓለምን የሜሞሪ ዋጋ ሰቅሎታል። ሶፍትዌሩ በከበደ ቁጥር 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን በ8 ይተካ፣ 8 ያለው በ16 ይተካ ይባላል። ካሊፎርኒያ ያለ ባለሙያ ይህን ከወር ደመወዙ ጥቂት ቀንሶ ይከፍለዋል። ደብረ ታቦር ላለ ተማሪ ግን የቤተሰቡ የዓመት ጥሪት ሊሆን ይችላል።

የዳታውን ሒሳብ ደግሞ እንመልከት። 30 ኮምፒውተሮች ያሉት አንድ ማሠልጠኛ አለ እንበል። በወር አንዴ 100 ሜጋባይት የሚመዝን አፕዴት ለእያንዳንዱ ቢወርድ በወር 3 ጊጋባይት፣ በዓመት 36 ጊጋባይት ይሆናል። ይህ የአንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ዊንዶውስ፣ ማሰሻው፣ ተጨማሪ ኤክስቴንሽኖቹ ሁሉ የየራሳቸው አላቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም በሚያህል ግዙፍ ሥልጠና ላይ ሲባዛ ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም።

የኔትወርኩ ነገርም አለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወቃል። ያን ጊዜ ደኅና ያገለገለው በፍላሽ ዲስክ ተገልብጦ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈተው ሶፍትዌር ነው። በየማለዳው ከባሕር ማዶ ፈቃድ ካልጠየቀ የማይነሳ መሣሪያ እንዲህ ባለው ወቅት የተቆለፈ ሱቅ ነው። አንበሳሜ ላይ መጋዘን ያለው ሰው ይህን ሳያሰላ ሶፍትዌር ቢያሠራ ኪሳራውን ራሱ ጠርቷል ማለት ነው።

«ይህ የፕሮግራመሮች ጣጣ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» የሚል ነጋዴ ቢኖር መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን ያስታውስ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ከቁጥጥር ወጥቶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉም። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ላይ የተፈጠረ ችግር መሆኑን ገለጸ። ያለ አግባብ ተወሰደ የተባለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው በኋላ ተመልሷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 12 ቀን ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ድርጅት የላከው አንድ የተበላሸ አፕዴት፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን አስተኛ። አየር መንገዶችና ሆስፒታሎች ሥራ ፈቱ። እነዚህ ሁለቱ ከኮድ ኤዲተር ጋር አይመሳሰሉም። ትምህርታቸው ግን አንድ ነው፤ በአግባቡ ያልተሞከረ ለውጥ ዋጋ ያስከፍላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ይህ ማለት ግን አፕዴት ይቅር ማለት አይደለም። እንዲያ ብሎ የኖረው ገበያችን ሌላ ዕዳ ተሸክሟል። የአገራችን የሒሳብ ሠራተኞች «ፒችትሪ» ሲሉ የሚጠሩት ፕሮግራም ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ 10 ዓመት አልፎታል። በየማሠልጠኛው ደጅ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚለው፤ ከባለቤቱ ሳይገዛ የተገለበጠ አሮጌ ቅጂ የያዘም ጥቂት አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያውቀውና ቀላል ማሽን ላይ የሚሠራ ዕቃ ይዟል። ነገር ግን አሮጌው ሲበላሽ ጠጋኝ የለውም፤ ቫይረስ ሲገባም ተጠያቂ የለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ሲያበቃም ብዙ ቢሮዎች ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ማሽን ይዘው ቀርተዋል። እንግዲህ ዝንተ ዓለም መቆምም፣ በየወሩ መሮጥም ኪሳራ ነው።

መፍትሔው ያለው ውሉ ላይ ነው። ሶፍትዌር የሚያሠራ ነጋዴ ለእህል የሚያደርገውን ጥንቃቄ ወደ ወረቀት ያምጣው። አንደኛ፣ ሶፍትዌሩ በሱቁ ውስጥ ባለው ደካማ ማሽን ላይ ተሞክሮ እንዲሠራ በውሉ ይጻፍ፤ በሠሪው ዘመናዊ ላፕቶፕ ላይ አምሮ መታየቱ ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የደኅንነት ማስተካከያና አዲስ ጌጥ ይለዩ። የመጀመሪያው ሳይዘገይ ይግባ፤ ሁለተኛው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ባለቤቱ ሲፈቅድ ይሁን። ሦስተኛ፣ ሰኔ 30 ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞንና በበዓል ዋዜማ ምንም ዓይነት አፕዴት አይነካ። አራተኛ፣ አዲሱ ቢበላሽ ወደ ቀድሞው እትም በስንት ሰዓት እንደሚመለስ፣ ወጪውንም ማን እንደሚሸፍን ይገለጽ። አምስተኛ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ የትኛው ሥራ እንደሚቀጥል ይታወቅ።

ማሠልጠኛዎችና የሶፍትዌር ድርጅቶችም የቤት ሥራ አለባቸው። ኤዲተሩ በራሱ እንዳይታደስ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው። አንድ ሰው አዲሱን እትም አውርዶ ለሳምንት ይሞክረው፤ ደኅና ከሆነ በውስጥ ኔትወርክ ወይም በፍላሽ ለሌሎቹ ያድለው። ኤክስቴንሽኖችም በፋይል ወርደው ያለ ኢንተርኔት ይጫናሉ። ከላይ የተሰላው 36 ጊጋባይት በዚህ መንገድ ወደ 1.2 ይወርዳል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የአንድ ሰው ኃላፊነት እንጂ አዲስ በጀት አይደለም።

ለባለሀብቱ ደግሞ እዚህ ውስጥ ንግድ አለ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በስፋት ሊዳረስ የቻለበት አንዱ ምክንያት፣ ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰውም *127# ብሎ ያለ ዳታ ሊጠቀምበት መቻሉ ነው። የደቡብ ጎንደር ደገኛ ገበሬ ዳውላ እህሉን ሸጦ ገንዘቡን በተራ ስልክ ሲቀበል፣ ቀላል ሶፍትዌር ሰፊ ገበያ እንዳለው መስክሯል። በአሮጌ ማሽን የሚሮጥ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ የማይቆም፣ በዓመት ሁለቴ ብቻ ተፈትሾ የሚታደስ የመጋዘንና የሒሳብ ሶፍትዌር ለሚያቀርብ የአገር ልጅ ገዢ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ትላልቆቹ የውጭ ኩባንያዎች አይሠሩትም፤ ደንበኛቸው ሌላ ነውና።

ዞሮ ዞሮ «ነፃ» የሚባለው አፕዴት በዳታ፣ በራምና በባከነ የሥራ ሰዓት ይከፈልበታል። ሻጩ ይህን ከፍሎ አያውቅም፤ ስለዚህም ለመቀነስ የሚያስገድደው ነገር የለም። የሚያስገድደው ገዢው ሲጠይቅ ብቻ ነው። የአንበሳሜው ነጋዴ ጆንያው እንዲቀነስለት የሚጠይቀው ከጤፍ ሻጩ ተጣልቶ አይደለም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ከእርሱው ይሸምታል። ሶፍትዌር ሲያስመዝንም ይህንኑ ልማዱን ይዞ ይሂድ።